በልጄ ጋቢ የጠቀለልኩት

በሬን ሁለት ጊዜ የምቆልፍ ሴት ነኝ። ቆልፌ ሃያ እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካዋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ያችኑ ያህል ስለማነብ ግን ቤቴ የገባ ወረቀት ሳላየው አይቀመጥም። የመብራት ደረሰኝ፣ የልጆቹ ካርድ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ሳይቀር ፊደል እየቆጠርኩ አነባለሁ። ስለዚህ በባለቤቴ የጠመንጃ ፈቃድ ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም። ፈቃዱ ስሙ ለተጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንብቤም ሰጠሁ።

እኛ ያለነው ቆቦ ከተማ ዳር፣ ቤቱ አልቆ የማሽላው ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። በዚህ አገር ወንዶች ሰብሰብ ሲሉ «ሚስት፣ በቅሎና ጠመንጃ ውሰት የላቸውም» ይላሉ። ሲሉ ይከርማሉ፤ ሰርግ የደረሰ ዕለት ግን የሌለው ካለው ይዋሳል። ሙሽራ ጠመንጃ ያነገተ አጃቢ ሳይኖረው ሙሽሪት ሊያመጣ ቢሄድ፣ የሙሽሪት አገር ሴቶች ድቤያቸውን ይዘው በዘፈን ይጨርሱታል።

አባቴ ጠመንጃ ሲያውስ ሥርዓት ነበረው። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ አይጠይቅም፤ ገብቶ ይቀመጣል። «ጠመንጃህን» አይልም፤ «ዱላህን አውሰኝ» ነው የሚለው። አባቴም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጥይቱን ያወጣል፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያደርጋል፣ ባዶነቱን ያሳያል፣ ከዚያ ሰው ባለበት ይሰጣል። የተቀበለው እጅ ራሱ ወልውሎ ይመልሳል። የተዋሰ ሰው ደግሞ መልሶ ለሌላ አያውስም። ይህ የአባቴ ነው። እናቴ በበኩሏ የራሷን ትጨምር ነበር፤ የውሰት ዕቃ ከቤት ራቁቱን አይወጣም ትላለች። ወንፊትም ቢሆን በጨርቅ፣ ድስትም ቢሆን ተከድኖ። መንገድ ላይ ዓይን አለ፣ ከዓይን የከፋ ወሬ አለ ትላለች። እኔ ከአባቴ ሥርዓት አንዱን ጣልኩ፤ የእናቴን ግን ጠበቅሁ። ያጠፋኝም የጠበቅሁት ነው።

ጠመንጃውን የወሰደችው ጓደኛዬ ናት። ጎረቤት ብላት ያንስባታል። የሁለታችን ግቢ በቅንጭብ አጥር ነው የሚለያየው፤ አጥሩ መሐል ልጆቻችን በእግራቸው የከፈቷት ቀዳዳ አለች፤ ከጊዜ በኋላ እኛም በዋናው በር መዞሩን ትተን በዚያችው መሹለክ ጀመርን። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ፣ የራሷን ልጅ ባንዱ የእኔን ባንዱ ጡቷ አድርጋ አርባ ቀን አጠባችልኝ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድማማች ናቸው። ልጄ እኔን «እማ» ይለኛል፤ እሷን «እማዬ» ይላታል። በልጅነቱ እኔ ስቆጣው በቀዳዳዋ ሾልኮ እሷ ዘንድ ይሸሽ ነበር፤ እሷም «ምን አደረገሽ ልጄ?» ብላ ከወዲያ ትጮህብኝ ነበር።

አብሮት የጠባው የእሷ ልጅ ባለፈው ዓመት ከጎብዬ ሚስት ታጨለት። የልጆቼ አባት ፍየልና ግመል የሚነግድ ሰው ነው፤ የዚያን ሰሞን ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር በመኪና ወደ አፋር ወርዶ ነበር። ጠመንጃውን ቤት ትቶ ሲሄድ ያለኝ አንድ ቃል ነው፦ «አደራ።»

ሰርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ከአስር በኋላ ጓደኛዬ በቀዳዳዋ መጣች። ገብታ ተቀመጠች። ስትቀመጥ አወቅሁ፤ ለጨው ወይም ለክብሪት የመጣች ሴት አትቀመጥም።

«እህቴ፣ ዱላችሁን አውሺኝ» አለች።

«ባለቤቱ የለም እኮ።»

«የምን ባለቤት? እሱ አፋር በረሃ ግመል ይጎትታል፣ የቤቱ ቁልፍ አንቺ አንገት ላይ ነው።»

«ወረቀቱ ክልክል ነው ይላል።»

«ወረቀቱ ሰርግ ተጠርቶ ያውቃል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠጋ ብላ ጉልበቴን ያዘችኝ። «ለማን ነው የምትሳሺው? አንደኛ ሚዜው ያንቺ ልጅ አይደል? ከቤትሽ ወጥቶ በቤትሽ ልጅ ትከሻ ላይ ነው የሚውለው። እኔ በመሐል ማን ነኝ?»

ይህን አባባሏን አልረሳውም። ያን ጊዜ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ትንሿ ልጄ ደጅ ላይ ዕቃ ታጥብ ነበር። የአባቴ ሥርዓት ትዝ አለኝና፣ ቆማ እንድታይ ልጠራት ወደ በሩ ዞርኩ። ጓደኛዬ ገባት።

«ምን ልታደርጊያት ነው? እኔን ልታስመሰክሪብኝ?»

በሳቅ ነው ያለችው፤ ግን ፊቴ ጋለ። ልጄን ያጠባች ሴት፣ በወባ ስንቀጠቀጥ ግንባሬን በውሃ ያበሰች ሴት ላይ ሕፃን ላስመሰክርባት? አፈርኩ። ልጅቷን ጠርቼ «ሂጂ ስኳር ገዝተሽ ነይ» አልኳት። ስኳር ነበረን። ያየ የሰማ አንድ ሰው በአላህ ፊት ቢኖረኝ እሷ ነበረች፤ በገዛ እጄ ላክኋት።

ጠመንጃውን ከማሽላው ኬሻ ኋላ አወጣሁት። ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ነቀልኩና ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት። «ጥይት ከእኔ ቤት አይወጣም» አልኳት። «ጥይቱን ለእኛ ተዪው፣ አጃቢው ሁሉ የታጠቀ ነው» አለች። ያን ጊዜ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። አልሰበሰብኩም። ከግድግዳው ሚስማር ላይ ጋቢ አወረድኩ። ሁለት ጋቢ ነበር የተሰቀለው፤ የልጄን አወረድኩ። ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ክር አለበት፤ ከአባቱ ጋር እንዳይቀያየር ብዬ ሸማኔውን ለምኜ ያስገባሁት ነው። ጠመንጃውን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ጠቀለልኩትና ሰጠኋት። እንደ ማሽላ አገዳ በትከሻዋ አድርጋ በቀዳዳዋ ሾለከች። ቢስሚላህ ብዬ ነው የሸኘኋት።

ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ እህል አልወረደልኝም። ሣጥኑን እየከፈትኩ ካዝናውን አየዋለሁ፤ እሱ ካለ ምንም የማይሆን ይመስለኛል።

እሑድ ጓደኛዬ ግቢ ወጥ ላይ ነበርኩ። ሙሽሪት ከጎብዬ በመኪና መጣች። አስቀድሞ ቀበሌው ሰርግ ላይ ጥይት እንዳይተኮስ በድምፅ ማጉያ አስለፍፎ ነበር፤ እንደተለመደው ማንም አልሰማውም። ወደ ሰማይ ሁለት ሦስቴ ተተኮሰ፣ እልልታው ቀለጠ። ቀጥሎ አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ከእሱ በኋላ ግን እልልታ አልመጣም። ጩኸት ነው የመጣው። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። የድንኳኑን ምሰሶ ደግፎ የቆመ አንድ እንግዳ ጭኑን ተመቷል። ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች። ሚሊሻዎች ደርሰው መሬት ላይ የወደቀውን ጠመንጃ አነሱ። ሰደፉ ላይ ባለቤቴ በስለት የጫራት ምልክት አለች፤ ከሩቅ አየኋት።

ልጄን ጎትቼ አጥር ሥር አቆምኩት።

«ማን ነው የተኮሰው? እውነቱን።»

«እሱ ነው እማ፣ ሙሽራው። እኔ ተሸክሜው ነበር የመጣሁት፣ በሩ ላይ ስንደርስ ‹አንዴ አምጣው› አለኝ። ወደ ላይ ነበር የያዘው፣ ሰው ገፋው።»

«ካዝናውን ማን ሰጠው?»

«ካንዱ አጃቢ ወሰደ።»

እንግዳው ተበትኖ ሲያልቅ ጓደኛዬ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንባዋ ትከሻዬን አራሰው። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። «አንቺ አውሻለሁ ትያለሽ፣ እኔ ተውሻለሁ እላለሁ። ልጄም ሳያስበው ነው ያደረገው። እውነት ነው የሚያወጣን።» ግንባሯን ሳምኳት።

በማግሥቱ ማለዳ በቀዳዳዋ ገባሁ። ጓደኛዬ የለችም። ከመጋረጃው ጀርባ ሙሽሪት በቀጭን ድምፅ «ወጥተዋል፣ ማልደው ነው የወጡት» አለችኝ። ምናልባት ቀድማ ልትጠብቀኝ ይሆናል ብዬ ወደ ጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ገሠገሥኩ። በሩ ላይ ተገናኘን፤ እኔ ልገባ፣ እሷ ልትወጣ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች።

«እህቴ፣ ሳትጠብቂኝ?» አልኳት።

«ባጃጅ ቆሞልኛል» አለች። መንገዱ ላይ ባጃጅ አልነበረም። በእግሯ ስትሄድ አየኋት።

የተቀበለኝ ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ልጄን በአምስት ስድስት ዓመት ቢበልጠው ነው። ክፉ አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ።

«ጠመንጃው የባለቤትዎ ነው እናቴ?»

«የእሱ ነው።»

«እሱ በሌለበት እንዴት ሰርግ ቤት ተገኘ?»

«እኔ አውሼ ነው። አሁን ከዚህ ለወጣችው ሴት።»

አልጻፈውም። ከጠረጴዛው ሥር ፌስታል አወጣና ከውስጡ ጋቢ ዘረጋ። «ይህን ያውቁታል?»

እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። ግርግሩ ውስጥ ጠፍቷል ብዬ ሲከነክነኝ ነበር። ተጠንቃቂ ሴት ነኝ ብያለሁ፤ ዕቃ ሲጠፋብኝ አልወድም። አረንጓዴውን ክር ሳይ «የልጄ ነው!» ብዬ ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

ይህን ጻፈው።

ጽፎ ሲያበቃ ቀና አለ። «ጎረቤትዎ ይህን አምጥተው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ልጅዎ አባቱ በሌለበት ጠመንጃውን ከቤት ሰርቆ፣ በዚህ ጋቢ ጠቅልሎ፣ ሚዜ ነኝ ብሎ መጣ፤ የተኮሰውም እሱ ነው ብለዋል።»

የማስታውሰው የግድግዳው ማራገቢያ ይሽከረከር እንደነበረ ብቻ ነው።

«ሲሰጧት ያየ ሰው አለ?»

«ትንሿን ልጄን ስኳር ልኬያት ነበር» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠና ሕጉን አስረዳኝ፤ እኔም ከወረቀቱ የማውቀውን ነው የነገረኝ። ፈቃድ በስም ነው። ባለቤቱ በሌለበት ሚስትም ብትሆን ማዋስ አትችልም። «አውሻለሁ ብለው ከፈረሙ ጥፋቱን አመኑ ማለት ነው። ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ጠመንጃውም ላይመለስ ይችላል። ተሰርቋል ካሉ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ንብረቱ ለባለቤቱ የሚመለስበት መንገድ አለ። ግን ሰራቂው ማን እንደሆነ…» ብሎ ጋቢውን አየ።

ስለዚህ በአንድ ወገን የባለቤቴ ጠመንጃ፣ በሌላ ወገን ልጄ ተቀመጡ። የልጆቼ አባት ያን ጠመንጃ እንዴት እንዳገኘው፣ ስንት ዓመት ግመል እንደነዳበት አውቃለሁ። ግን የሚመዘን ነገር አልነበረም። «አውሻለሁ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ አራተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚያ ቀን ይሆናል። ፊርማዬ ግን ልጄን አላዳነውም። የእናት ቃል ተባለ። የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ሽንኩርት ውሃ እያጠጣ ሳለ፣ እግሩ ጭቃ እንደሆነ መጥተው ወሰዱት።

ማክሰኞ ቀዳዳዋ አጠገብ ቆሜ ጠራኋት። መጣች። እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ ቆምን።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

«የእኔ ሙሽራ ነው» አለች። «የሦስት ቀን ሙሽራ። የሰው ልጅ አምጥቼ ጫጉላ ውስጥ አስቀምጬ ባሏን ላሳስርባት? ወላጆቿ ምን ይሉኛል? ያንቺ አላገባም፤ ገና ልጅ ነው፣ ይፈቱታል።»

«አጥብተሽዋል እኮ።»

«አጥብቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ዛሬም ድረስ እህል ስቀምስ ትዝ የሚለኝን ነገር ተናገረች። «ስንቁን እኔ አበስልለታለሁ። በየቀኑ እወስድለታለሁ። አንቺ አትድከሚ።»

የምሯን ነበር። ይህ ነው የሚብሰው። ብትሰድበኝ፣ ብትክደኝ፣ አላውቅሽም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን አሳስራ ምን እንደሚወድ እያሰበች ልታበስልለት ነው። እኔም እናት ነኝና ከእሷ አፍ የወጣው ሁሉ ይገባኛል፤ የኔ ልጅ ሙሽራ ቢሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱን አላውቅም። አላውቅም ማለቴ ግን ይቅር አላስባለኝም።

ረቡዕ የልጆቼ አባት ደረሰ። ወሬውን ዋጃ መናኸሪያ ላይ ሰምቶ ነው የመጣው። አቧራውን ሳያራግፍ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ስትሰጫት ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ጋቢውስ የማን ነው?»

«የልጁ።»

ይመታኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ መትቶኝ አያውቅም፣ ቢሆንም አሰብኩ። «ጠመንጃው ይሂድ» አለ በመጨረሻ። «ጠመንጃ ብረት ነው። እኔ የምፈልገው ይህ ልጅ ሌባ ተብሎ እንዳይቀር ነው። እስራቱ ያልፋል፤ ስሙ አያልፍም።» ተነሥቶ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ።

ሐሙስ ልጄን በዋስ ለቀቁልን፤ ክሱ ግን እንዳለ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አበጋሩ ግቢ ተሰበሰብን። አበጋር የምንለው በእኛ አገር ሰው ሲጣላና ደም ሲፈስ ገብቶ የሚያስታርቅ አባት ነው። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። የቆሰለው ሰው ዘመዶች ባንድ ወገን፣ እኛ ባንድ ወገን፣ እነ ጓደኛዬ ባንድ ወገን ተቀመጥን። ሙሽራው ከጫጉላው ወጥቶ መጥቷል፤ እጁ ላይ ሂናው ገና አልለቀቀም። አንገቱን ደፍቷል።

እኔ የሆነውን ተናገርኩ። ጓደኛዬ ለጽሕፈት ቤቱ ያለችውን ደገመች፤ ድምፅዋ ግን ያን ጊዜ ወረደ። አንዱ ሽማግሌ «ቁርኣን ይምጣና ትማል» አለ። አበጋሩ እጃቸውን አነሡ።

«አይሆንም። መሐላ የልጅ ልጅ ላይ ይደርሳል፣ ገና የዳረች እናት አላስምልም» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ። ያጠባሽው ልጅ ፊትሽ ይቀመጥ። ዓይኑን እያየሽ፣ ‹አንተ ሰረቅህ፣ አንተ ተኮስህ› በይው። ካልሽው እኛ ቃልሽን ተቀብለን ልብሳችንን አራግፈን እንነሣለን።»

ልጄ ተነሥቶ ፊቷ በርከክ አለ። ከመታሰሩ የተነሣ ከንፈሩ ደርቋል።

«በይ እማዬ» አላት።

ዝግ ባለ ድምፅ ነው ያላት። እየተሳለቀባት ይሁን እየለመናት እስካሁን አላውቅም፤ ጠይቄውም አልነገረኝም። ጓደኛዬ ምንጣፉን አየች፣ ዛፉን አየች፣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። ሽማግሌዎቹ አልቸኮሉም። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። እኔ በሆዴ ‹ይቅር በለኝ ትበለው፣ እኔም ሁሉን እተዋለሁ› እያልኩ እለምን ነበር። ወላሂ፣ ያን ሰዓት ብትለው ተነሥቼ አቅፋት ነበር።

ሙሽራው ነው የተነሣው።

«እኔ ነኝ» አለ። «የተኮስኩት እኔ ነኝ። ጠመንጃውንም ያመጣችው…»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት።

ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነው። ልጄ ፊቷ ተንበርክኮ እያለ፣ እውነቱ በራሷ ልጅ አፍ እየወጣ እያለ፣ እሷ ዝም በል አለች። ልጁ ግን ዝም አላለም። እናቱ ጠመንጃውን በጋቢ ተጠቅልሎ ስታመጣ እንዳየ፣ ካዝናውን ከማን እንደወሰደ፣ ሁሉንም ተናገረ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዶ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። እኔ ልቤ የተሰበረው ለእኔ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ለዚያም ልጅ ነው። ሁለቱም የጠቡት ከአንድ ጡት ነው፤ እውነቱን ግን ከዚያ ጡት አላገኙትም።

ልጄ ከክሱ ነጻ ወጣ። ሙሽራው ጥቂት ታስሮ፣ ከቆሰለው ሰው ጋር ታርቆ ተፈታ። ሰውየው ዛሬ በዱላ ይራመዳል። የባለቤቴ ፈቃድ ተሰረዘ፣ ጠመንጃውም አልተመለሰም። እርቁ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲያዟት «አፉ በይኝ» አለችኝ፤ እኔም ሲያዙኝ «አፉ ብያለሁ» አልኩ። ተሳሳምን። ጉንጯ እንደ ሌላ ሰው ጉንጭ ነበር።

ጋቢውን ከጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ አልሄድም አለ። የጠመንጃ ዘይት ነክቶታል። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አልለቀቀም። አጣጥፌ አልጋው ላይ ሳስቀምጥለት ቆሞ አየው።

«እማ፣ ለምን በእኔ ጋቢ?»

«እጄ የደረሰበት እሱ ነበር» አልኩት።

ዋሸሁት። ከሌላ ሰው ውሸት ይህን ያህል ከተጎዳሁ በኋላ እኔው ልጄን ዋሸሁት። እጄ የደረሰው የአባቱ ጋቢ ላይ ነው። ለዒድ የተገዛ አዲስ ነበር፤ ዘይት እንዳይነካው ሳሳሁና መለስኩት። ከዚያ የልጁን አወረድኩ። የእሱ ያረጀ ነው ብዬ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ያን ጋቢ ለብሶት አያውቅም። ሚስማሩ ላይ ከአባቱ አዲስ ጋቢ ጎን ተሰቅሏል።

የአጥሩን ቀዳዳ ማንም አልዘጋትም፤ ቅንጭቡ ራሱ እያደገ እየዘጋት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የጎብዬዋ ሙሽሪት፣ አሁን ሆዷ ገፍቷል፣ ዞራ በዋናው በር መጣች። አልገባችም፣ አልተቀመጠችም።

«አማቴ ወንፊት ያውሱኝ ብለዋል» አለች።

ልጄ ግቢው ውስጥ ጫማውን ይጠርግ ነበር፤ እጁን አቁሞ አየኝ። ትንሿን ልጄን ከቤት ጠርቼ አጠገቤ አቆምኳት። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ምንም። ቁሚና እዪ» አልኳት። ወንፊቱን አወረድኩ። እንደ ልማዴ መጠቅለያ ጨርቅ ፍለጋ እጄ ወደ ሚስማሩ ሄደ፣ ጋቢዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወንፊቱን ራቁቱን ሰጠኋት።